ጨው ብረትን የሚበላው መቼ ነው?

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የ4ኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ጋሼ፣ የቀለጠ ጨው የሚጠቀም የኒውክሌር ማብላያ እንዳለ አነበብኩ። አባቴ በያጅ ነው፤ ነገርኩት። ‹ጨው የነካው ብረት አይበረክትም፣ 600 ዲግሪ ላይ ደግሞ ጭራሽ› አለኝ። ስቴንለስ ስቲል አይዝግም ይባላል፤ ታዲያ ለምን እሱን ብቻ አይጠቀሙም? የማይበላ ብረት ማግኘትስ ይህን ያህል ከባድ ነው? የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ላይ ብሠራ ምን ይመስልዎታል?»

እህቴ፣ አባትሽ ያሉት ልክ ነው። ግን ልክ የሚሆነው ለእርጥብ ጨው ነው። ጅቡቲ ወደብ የከረመ ኮንቴይነር ያየ ሰው ሌላ ነገር ሊናገር አይችልም። እዚያ ብረቱን የሚበላው ግን ውሃና ኦክስጅን ናቸው። ጨው ውሃውን ኤሌክትሪክ አሳላፊ ያደርገዋል፣ የብረቱን መከላከያ ሽፋን ይበሳል፣ በዚህም ሥራውን ያፋጥናል። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ግን ሁለቱ ናቸው። በደንብ ደርቆ በታሸገ ጨው ውስጥ የተቀበረ ሚስማር ብዙም አይነካም።

እንግዲህ ውሃውንም ኦክስጅኑንም አውጪና ጨውን ብቻውን አቅልጪው። ምን ይሆናል? የሙያችን ዋና ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ የጠበቅሁት ሌላ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ጨው ዓይነቱ። ሪአክተር (ማብላያው) ውስጥ የሚገባው የወጥ ጨው አይደለም። በጣም የታወቀው ፍሊብ የሚባለው ነው። ሊቲየም ፍሎራይድና ቤሪሊየም ፍሎራይድ በሞል ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ገደማ ተደባልቀው ይሠራል። 459 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል። ሲቀልጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። የሚፈላው ደግሞ ወደ 1,430 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። በመካከል ያለው ሰፊ የሙቀት ክልል ነው ሰውን የሚማርከው። አብዛኛው ዛሬ የሚሠራ የኒውክሌር ጣቢያ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ በሰፊው የተለመደው ዓይነት ደግሞ ውሃው እንዳይፈላ 155 የከባቢ አየር ግፊት ያህል ታምቆ ይሠራል። ጨው ይህ ሁሉ ግፊት አያስፈልገውም። ቱቦው ቢቀደድ እንኳ ጨው ይንጠባጠባል፣ ቀዝቅዞ ይረጋል። ከፈለግሽም ዩራኒየሙን እዚያው ጨው ውስጥ አሟምተሽ ነዳጁንና ማቀዝቀዣውን አንድ ማድረግ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ስቴንለስ ስቲል ልምጣ።

ስቴንለስ ስቲል የማይዝገው ዝገት ስለማያውቀው አይደለም። በጣም ፈጥኖ ስለሚዝግ ነው። ውስጡ ካለው ክሮሚየም ጥቂቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ወዲያው ይዋሃድና በጣም ስስ የሆነ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ በዓይን አይታይም። ሲፋቅ ራሱን መልሶ ያድሳል። አባትሽ ስቴንለስ በየዱ ቁጥር የሚያዩት ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ይኸው ሽፋን በሙቀት ወፍሮ ነው። ማንኪያውም፣ የሆስፒታል መቀሱም፣ የወተት ታንከሩም የሚኖሩት በዚህ ቆዳ ነው።

የቀለጠ ፍሎራይድ ጨው ይህን ቆዳ ያሟሟዋል። ጉዳዩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በውሃ ዓለም የተማርነው የመከላከያ ዘዴ በሙሉ በኦክሳይድ ሽፋን ላይ የቆመ ነው። አሉሚኒየም፣ ቲታኒየም፣ ስቴንለስ፣ ሁሉም። ፍሎራይድ ውስጥ ሽፋኑ ይሄድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ጭራሽ ክሮሚየም፣ ያ ጠባቂ የነበረው፣ ከቅይጡ ውስጥ መጀመሪያ ተነሥቶ የሚወጣው እሱ ይሆናል።

ለምን እሱ? ፍሎሪን ከየትኛው ንጥረ ነገር ጋር ይበልጥ አጥብቆ ይያያዛል ብለሽ በተራ አሰልፊያቸው። ከፊት ሊቲየምና ቤሪሊየም ናቸው። ዚርኮኒየምና ዩራኒየም ይከተላሉ። ከዚያ ክሮሚየም፣ ከዚያ ተራው ብረት፣ ከዚያ ኒኬል፣ መጨረሻ አካባቢ ሞሊብዲነም። በተራው ከፊት ያለው ከኋላው ካለው ላይ ፍሎሪኑን መቀማት ይችላል፤ የኋላው ከፊተኛው መቀማት አይችልም። ቤሪሊየም አንዴ የያዘውን ፍሎሪን ለክሮሚየም አይለቅም። ስለዚህ ፍጹም ንጹሕና ፍጹም ደረቅ ፍሊብ ስቴንለስ ስቲልን የሚበላበት ምክንያት የለውም ማለት ይቻላል። ጨው ራሱ አይበላም።

የሚበላው ጨው ውስጥ ገብቶ የተገኘው ነገር ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው።

የመጀመሪያው ጠላት እርጥበት ነው። አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትኩስ ፍሎራይድ ውስጥ ስትገባ ኦክስጅኗን እዚያ ትታ ሁለት የሃይድሮጂን ፍሎራይድ ሞለኪውሎች ትሆናለች። ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ክሮሚየምን አግኝቶ አይተወውም፤ ክሮሚየም ፍሎራይድ ያደርገውና ሃይድሮጂኑ በጋዝ መልክ ይወጣል። ሁለተኛው ጠላት ጨው ሲመረት አብረው የመጡ የብረትና የኒኬል ፍሎራይዶች ናቸው። በሰልፉ ኋላ ስላሉ ክሮሚየም ፍሎሪናቸውን ይነጥቃል፤ እሱ ሟሙቶ ሲሄድ እነሱ ብረት ሆነው ይቀራሉ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ደግ ጠባይ አላቸው። ያልቃሉ። እንደ ዕዳ ናቸው። ያለው እርጥበት ያህል ክሮሚየም ይከፈላል፣ ከዚያ ሒሳቡ ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዓቶች ላይ ክፉኛ የተበላ ናሙና ከዚያ በኋላ ለወራት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ግን ዕዳው በየቀኑ ይታደሳል፤ አያልቅም።

ከራሴ ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ፍሊናክ የሚባለውን ጨው አዘጋጀሁ፤ የሊቲየም፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ፍሎራይድ ድብልቅ ነው። ቤሪሊየም ስለሌለበት ለጤና ብዙም አያሰጋም፣ ለዚህ ላቦራቶሪዎች ይወዱታል። ፖታሲየም ፍሎራይድ ግን ከአየር ላይ እርጥበት በመጠጣት አቻ የለውም። ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ሁለት ቀን መቆየት ሲገባው አንድ ሌሊት ይበቃል ብዬ አወጣሁት። 316 ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ቁራጮችን መዝኜ፣ አየር በማያስገባና አርጎን ጋዝ በተሞላ የጓንት ሳጥን ውስጥ ጨው ውስጥ ነከርኳቸው። 700 ዲግሪ፣ 500 ሰዓት።

ምድጃው ቀዝቅዞ ማቅለጫውን ስከፍት ጨዉ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። በረዶ መስሎ መርጋት ሲገባው፣ የጠርሙስ ስባሪ ዓይነት አረንጓዴ። ያ ቀለም የሟሟ ክሮሚየም ነው። ብረቱ ከየት እንደሄደ ለመጠየቅ ሚዛን አላስፈለገኝም።

ከቀለሙ በላይ ያስደነገጠኝ ቁራጩ ራሱ ነው። አጥቤ ሳወጣው ንጹሕ ነበር። ዝገት የለ፣ ቅርፊት የለ፣ ትንሽ ከመደብዘዙ በቀር ደህና ብረት። በእጄ ይዤ «ምንም አልሆነም» ልል ምንም አልቀረኝም። ከመሐል ቆርጬ፣ አለስልሼ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው፣ ከላዩ ወደ ውስጥ በቀዳዳ ተሞልቷል። የእንጀራ ዓይን አስቢ፤ በጣም ደቃቅ የሆነ። ክሮሚየሙ ሲወጣ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ብትን ብለው አልተቀመጡም። ብረት እንደ ግንብ ድንጋይ እርስ በርሳቸው የተገጣጠሙ የትንንሽ ቅንጣቶች ክምር ነው። ቀዳዳዎቹ የተሰለፉት በእነዚያ መገጣጠሚያዎች ላይ ነበር። ክሮሚየም በመገጣጠሚያው በኩል መውጣት በቅንጣቱ መሐል ከማለፍ እጅግ ይቀለዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የናሙና ክብደት መቀነስን ብቻ አይቼ ስለ ብረት ጤንነት አልፈርድም። አንቺም አትፍረጂ። በውሃ የተበላ ብረት ይሳሳል፤ ሳሳ ብለሽ ትለኪዋለሽ። በፍሎራይድ የተበላ ብረት ውፍረቱ እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ ውስጡ ነው ስፖንጅ የሚሆነው።

ወደ ሦስተኛው ጠላት ልለፍ፤ ይህኛው አያልቅም። ዩራኒየም ነው። ነዳጁ ጨው ውስጥ በሟሟባቸው ሪአክተሮች ዩራኒየም በአራት ፍሎሪን ተይዞ ይኖራል። ክሮሚየም ከሁለት እንዲህ ካሉ ዩራኒየሞች አንዳንድ ፍሎሪን ይወስድና ክሮሚየም ፍሎራይድ ሆኖ ይሟሟል፤ ዩራኒየሞቹ በሦስት ፍሎሪን ይቀራሉ። ይህ ልውውጥ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ጨው ውስጥ ትንሽ ክሮሚየም ከተጠራቀመ በኋላ ይቆማል። ዕቃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር።

ሪአክተር ግን ሙቀት የሚያመላልስ ዕቃ ነው። አንድ ጎኑ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ትኩሱ ላይ ሚዛኑ ወደ መሟሟት ያዘነብላል፣ ቀዝቃዛው ላይ ወደ መመለስ። ስለዚህ ክሮሚየም ከትኩሱ ቱቦ ይነሣል፣ በጨው ይጓዛል፣ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ይቀመጣል። ጨው እንደገና ባዶ እጁን ወደ ትኩሱ ይመለሳል። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ጉዞው አይቆምም። አንዱ ጋ ቱቦው ይቦረቦራል፣ ሌላው ጋ ይደፈናል። የልዩነቱ መጠን በጨዉ ዓይነት ይወሰናል፤ ፍሊብ ላይ ትንሽ ነው፣ ፍሊናክ ላይ ይብሳል።

ለዚህ ነው በአንድ ማሰሮ ውስጥ ቁራጭ ነክሮ የሚደረግ ሙከራ የሚያታልለው። የማቅለጫው ዕቃ ከምን እንደተሠራም ትልቅ ነገር ነው። የስቴንለስ ቁራጭ በኒኬል ማቅለጫ ውስጥ ብትነክሪ፣ ሁለቱ ሳይነካኩ እንኳ ክሮሚየም ከቁራጩ ወጥቶ ኒኬሉ ግድግዳ ላይ ሄዶ ይገባል። ኒኬሉ እንደ ጉድጓድ ይስበዋል። ጽሑፉ ላይ ግን «316 ክፉኛ ተበላ» ተብሎ ይታተማል። የግራፋይት ማቅለጫም የራሱን ታሪክ ያመጣል፤ ካርቦኑ ይገባበታል። የዚህ መስክ ቁጥሮች ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ እጅግ የሚራራቁት ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ጥናት ስታነቢ መጀመሪያ ውጤቱን አትዪ። ማቅለጫው ምንድን ነው? ጨዉ እንዴት ደረቀ? ስንት ሰዓት? ሦስቱን ሳታገኚ ቁጥሩን አትመኚው።

አሁን ወደ ታሪኩ፤ ታሪኩ ራሱ ትምህርት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ አሜሪካኖች በኒውክሌር ኃይል የሚበር የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለመሥራት ተነሡ። በ1954 ቴነሲ ውስጥ ባለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በቀለጠ ፍሎራይድ ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሪአክተር አስነሡ። ጨዉ እስከ 860 ዲግሪ ደርሷል። ቱቦዎቹ ኢንኮኔል ከሚባለው ቅይጥ ነበሩ፤ አብዛኛው ኒኬል ነው፣ 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። ሪአክተሩ የሠራው ለቀናት ብቻ ነው። ለቀናት ይበቃል፤ ለዓመታት ግን ያ ሁሉ ክሮሚየም በዚያ ሙቀት ሊቀመጥ እንደማይችል የላቦራቶሪ ሙከራዎች አሳዩ።

የብረት ባለሙያዎቹ ከዚያ ያደረጉትን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ክሮሚየሙን ቀነሱት፣ ግን ጨርሰው አላወጡትም። ቱቦው ከውስጥ ጨው አለው፣ ከውጭ ግን ትኩስ አየር አለው። አየሩ ደግሞ ክሮሚየም ይፈልጋል፤ ከሌለ ውጩ ይቃጠላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቁጥር ፈለጉ፤ 7 በመቶ አካባቢ አገኙት። ለጥንካሬ 16 በመቶ ያህል ሞሊብዲነም ጨመሩ፤ በሰልፉ መጨረሻ ስላለ ጨው አይነካውም። ቀሪው በአብዛኛው ኒኬል። ዛሬ ሃስቴሎይ ኤን የምንለው ይህ ቅይጥ ነው። ከመደርደሪያ የተነሣ ብረት አይደለም፤ ለአንድ ፈሳሽ ተብሎ የተቀመመ ነው።

ከእሱ የተሠራው ሪአክተር፣ የቀለጠ ጨው ሪአክተር ሙከራ የሚባለው፣ እዚያው ኦክ ሪጅ በ1965 ሰኔ ላይ ተነሣ። እስከ 1969 ታኅሣሥ ሠራ። በሙሉ ኃይል ሲሰላ ከ13 ሺህ ሰዓት በላይ ነው። ጨዉ ከሪአክተሩ ሲወጣ 650 ዲግሪ አለፍ ይል ነበር። በ1968 ነዳጁን ወደ ዩራኒየም 233 ቀይረው በዚያ ነዳጅ የሠራ የመጀመሪያው ሪአክተር ሆነ። የመበላቱ ነገርስ? በየጊዜው ጨው እየቀዱ የሟሟውን ክሮሚየም ይለኩ ነበር። በመጀመሪያው ነዳጅ ዘመን ከ38 ወደ 85 ክፍል በሚሊዮን ከፍ አለ፤ ያ ነው ጭማሪው። በጠቅላላው የብረት ገጽ ላይ ሲከፋፈል ጥቂት ማይክሮን ነው። ስለ ጨው ሪአክተር «ብረቱን በልቶ ይጨርሰዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ይህን ቁጥር ንገሪው።

ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ነበር።

ሪአክተሩ ከቆመ በኋላ የሙቀት መለዋወጫውን ቱቦ ቆርጠው መረመሩ። ግማሽ ኢንች ያህል ስፋት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። በውጩ ነዳጅ የያዘው ጨው ይፈስ ነበር፤ በውስጡ ዩራኒየም የሌለበት ማቀዝቀዣ ጨው። ቱቦውን ጎትተው ሲያዩት ውጩ ላይ ደቃቅ ስንጥቆች አፋቸውን ከፈቱ፤ በቅንጣቶቹ መገጣጠሚያ በኩል ወደ ውስጥ የሚገቡ። ውስጡ ደህና ነበር። አንድ ቱቦ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ሙቀት። ልዩነቱ ከየትኛው ጨው ጋር እንደተገናኘ ብቻ ነው። ሪአክተሩ መሐል ተንጠልጥለው የነበሩት የክትትል ናሙናዎችም እንዲሁ ነበሩ።

ጥፋተኛው ቴሉሪየም ሆኖ ተገኘ። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚወለዱት በርካታ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። መጠኑ ጥቂት ነው። ብረቱን አያሟሟም፣ አያሳሳም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ሰርጎ ያዳክመዋል። ማሰሮ ውስጥ ጨው ብቻ አቅልጦ የሚሞክር ላቦራቶሪ መቼም ሊያየው አይችልም ነበር፤ የሚወለደው ሪአክተር ሲሠራ ነውና።

በ1970ዎቹ ሁለት መድኃኒት ተገኘለት። አንደኛው ቅይጡን መለወጥ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ኒዮቢየም ሲጨመርበት ስንጥቁ በጣም ቀነሰ። ሁለተኛው ጨዉን መለወጥ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያረካኝ ይህ ነው። በአራት ፍሎሪን ያለው ዩራኒየም በሦስት ካለው በስንት እጥፍ ይበልጣል ብለው ለኩ። እጥፉ ከ60 ገደማ በታች ሲወርድ ቴሉሪየሙ ብረቱን ትቶ ጨው ውስጥ መቆየትን መረጠ፤ ስንጥቁ ቆመ ማለት ይቻላል። ብረቱን ሳይነኩ፣ የጨዉን ጠባይ ብቻ በመግራት።

ያ ሬሾ የጨው ሪአክተር የደም ግፊት ነው ብዬ ለተማሪዎች እነግራቸዋለሁ። ብቻውን ይወጣል። አንድ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የያዛቸው አራት ፍሎሪኖች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ከአቶሙ መሰንጠቅ የተወለዱት ልጆች አራቱንም አይወስዷቸውም፤ እንደ ዜኖን ያሉት ጋዞችና እንደ ሞሊብዲነም ያሉት ብረቶች ፍሎሪን አይፈልጉም። ስለዚህ ሪአክተሩ በሠራ ቁጥር ትርፍ ፍሎሪን ይጠራቀማል፣ ጨው ይበልጥ ብረት በል ይሆናል። ሊቲየም ኒውትሮን ውጦ የሚሰጠው፣ ትሪቲየም የሚባለው ከባድ ሃይድሮጂንም ፍሎሪን ይዞ ይዞራል። ማስታገሻው ቀላል ነው፤ ብረት የሆነ ቤሪሊየም ጨው ውስጥ መንከር። ኦክ ሪጅ ላይ ቤሪሊየሙን በናሙና መቅጃው በኩል ያወርዱት ነበር። በሰልፉ ፊት ስለሆነ ትርፉን ፍሎሪን ለቅሞ ይሟሟል፤ የተፈጠረውም ቤሪሊየም ፍሎራይድ ነው፣ ጨዉ ራሱ። ጨዉን በራሱ ጨው ታክሚዋለሽ።

መጠኑን ማለፍ ግን አይቻልም። ፍሎሪን ሲያንስ ዩራኒየሙ ራሱ ብረት ሆኖ መውጣት ይጀምራል ወይም ሪአክተሩ መሐል ካለው ግራፋይት ጋር ይዋሃዳል። ነዳጅ በማይፈለግበት ቦታ መቀመጥ የለበትም።

«የማይበላ ብረት ማግኘት ይህን ያህል ከባድ ነው?» ላልሽው፣ ማግኘቱ አልቸገረም። ንጹሕ ሞሊብዲነም አይበላም፤ ግን ይሰበራል፣ አባትሽ ቢበይዱት ብየዳው እንደ ሸክላ ነው የሚሆነው። ንጹሕ ኒኬል አይበላም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ሙቀት ግን ይለሰልሳል፣ ክብደት አይሸከምም። በስስ ኒኬል የተለበጠ ስቴንለስ ይታሰባል፣ ይሠራበታልም፤ ክሮሚየም ግን በዓመታት ውስጥ በልባጩ በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ልባጩም ከተጫረ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኒኬል የበዛበት ቅይጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኒኬል ኒውትሮን ሲመታው ሂሊየም ይሰጣል። ሂሊየሙ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አረፋ ሆኖ ይሰበሰባል፣ ብረቱም ሲጎተት ሳይለጠጥ ይቀደዳል። ጨዉ ያልነካውን ኒውትሮን ጨረሰው ማለት ነው።

ሌላ ደግሞ የወረቀት ሥራ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ለከፍተኛ ሙቀት ሪአክተር ዋና ክፍሎች የፈቀደው ስድስት ቅይጥ ብቻ ነው። 316ኤች ስቴንለስ አለበት፤ ሃስቴሎይ ኤን የለበትም። አንድን ቅይጥ እዚያ ለማስገባት ለዓመታት በክብደት ጎትቶ መረጃ መሰብሰብ ይጠይቃል።

ስለዚህ ስቴንለስ አይሆንም እንዳልልሽ። ኬይሮስ ፓወር የሚባለው ኩባንያ ኦክ ሪጅ ላይ ኸርሜስ የተባለ የሙከራ ሪአክተር ለመገንባት በ2023 ታኅሣሥ ፈቃድ አግኝቷል። ማቀዝቀዣው ፍሊብ፣ ዕቃው 316ኤች ነው። የሚያስችለው ዩራኒየሙ ጨው ውስጥ አለመሟሟቱ ነው፤ ኳስ በሚመስል ግራፋይት ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ጨዉ ንጹሕ ሆኖ ከተያዘ ክሮሚየሙን የሚነካው ብዙ ነገር የለም። ቻይናዎች ደግሞ ጋንሱ ክፍለ ሀገር ዉዌይ ላይ 2 ሜጋዋት የሆነ የቶሪየም ጨው ሪአክተር በ2023 ጥቅምት አስነሥተዋል። የእነሱ ነዳጅ ጨው ውስጥ የሟሟ ነው፤ የተጠቀሙትም የሃስቴሎይ ኤን ዓይነት የራሳቸውን ቅይጥ ነው። ሁለቱ የተለያየ ብረት መርጠዋል፤ ሁለቱም ስለ ጨው ንጽሕና እኩል ይጨነቃሉ።

ስለ መመረቂያ ሥራሽ። ፍሎራይድ አትንኪ፤ ቤሪሊየም ያለበትን ደግሞ በፍጹም። የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፣ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ደግሞ ሥጋ አልፎ አጥንት ይደርሳል። ያለ ጓንት ሳጥንና ያለ ሠለጠነ ሰው የሚሞከር አይደለም። በዚያ ላይ እርጥበቱን መቆጣጠር ካልቻልሽ የምትለኪው የአየሩን ጠባይ እንጂ የብረቱን አይደለም።

የማልከለክልሽ የናይትሬት ጨው ነው። 60 በመቶ ሶዲየም ናይትሬት፣ 40 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት በክብደት። ሞሮኮ ዋርዛዛት ያለው የኑር የፀሐይ ጣቢያ ሌሊት ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቀን ያሞቀውን የናይትሬት ጨው አስቀምጦ ነው። ጨዉ እስከ 565 ዲግሪ ድረስ ይሠራበታል። የሚያስደስተው፣ ባሕርዩ የፍሎራይድ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ናይትሬት ኦክስጅን አለው። ስለዚህ የኦክሳይድ ቆዳውን አያሟሟም፤ ይገነባዋል። ስቴንለስ እዚያ ይበረክታል። የናይትሬቱን ጨው ግን ክሎራይድ ሲበክለው ቆዳው እየተላጠ ይሄዳል።

ከትምህርት ቤታችሁ ላቦራቶሪ ምድጃ ጋር የሚስማማው ይህ ነው። የተራ ብረት ቁራጭና የ316 ቁራጭ ውሰጂ፤ የሁለቱንም ማቅለጫ ከራሳቸው ዓይነት ብረት አሠሪ፣ አባትሽ ይበይዱልሽ። 500 ዲግሪ ላይ በንጹሕ ናይትሬት፣ ጎን ለጎን ደግሞ ጥቂት የወጥ ጨው በተጨመረበት። ናይትሬት ኦክስጅን ሰጪ ነው፤ ከሰል፣ ዘይት፣ ጨርቅ፣ እንጨት አጠገቡ አይድረስ፣ ትኩሱ ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይወድቅ፣ ብቻሽንም አትሥሪ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ይኑሩ። ከመንከርሽ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ጊዜ መዝኚ። ሲወጣ ላዩን አይተሽ አትቁሚ፤ ከመሐል ቆርጠሽ አለስልሺውና ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጊው። ፎቶውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።